መንትዮቹና የአዋላጇ ኮምፒውተር

— ሄሎ... አቤት ልጄ። እሰይ፣ ደወልክ። ሦስቴ ሞክሬ አላነሳህም፣ ደንበኛ ይዘህ ነው መሰለኝ... እኔማ ደህና ነኝ። የታመመው ኮምፒውተሩ ነው።

— አዎ፣ ያው አሮጌው። ልትጥለው ስትል የከለከልኩህ... አትሳቅ። ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ነው። ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

— ሦስቴ። ከዚያ ትንሽ ዝም ይልና እንደገና... በደንብ ነው የቆጠርኩት። ሠላሳ ዓመት ምጥ የቆጠርኩ አዋላጅ ጢጥታ ያቅተኛል?

— ነገ? ነገማ አይሆንም፣ እንግዶች እዚሁ ቤቴ እየጠበቁኝ ነው። ሁለት ሴቶች ናቸው፣ መንትያ። እኔ ነኝ ያዋለድኳቸው። አንደኛዋ አስተማሪ ሆናለች፣ አንደኛዋ ልብስ ሰፊ። ይኸው አርባ ዓመት "ታላቋ እኔ ነኝ" ሲባባሉ...

— እናታቸውንማ ጠይቀዋታል። "ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ" እያለች ታልፋቸው ነበር። ልታርፍ ስትል ደግሞ "ቀለበቴን ለታላቋ" ብላ፣ የትኛዋ እንደሆነች ሳትናገር ሄደች፤ ነፍሷን ይማርና። ሁለት ወር ተኮራርፈው ከርመው፣ አሁንም ሶፋው ላይ አንዷ ወዲያ ጫፍ፣ አንዷ ወዲህ ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል።

— የትኛዋ ቀድማ እንደተወለደች የጻፍኩበት መዝገብማ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ በሰበሰ እኮ። ደግነቱ ቀድሜ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬዋለሁ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው... እሺ፣ በል ምራኝ።

— ከሶኬቱ ነቀልኩት... ካቻቢቴ? ቆይ አንዴ። ልጄ፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ካቻቢቴ አለ፣ አቀብዪኝ እስቲ... እሺ፣ የጎኑን ክዳን ፈታሁት። ኡፍ፣ አቧራው! ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የከረመው።

— እሺ፣ ኤሌክትሪኩ ከእጄ እንዲወጣ ብረቱን ነካሁ። ራሙ የትኛው ነው?... ማበጠሪያ የመሰለችው፣ ሁለት ጫፏ የተቆለፈው... አገኘኋት። መቆለፊያዎቹን ወደ ውጭ ገፋሁ... ወጣች።

— በምን? በላጲስ?... ወርቃማውን ጠርዟን። እኔ ቤት ላጲስ ከየት ይመጣል?... ተገኘ፣ ተገኘ፣ አስተማሪዋ ከቦርሳዋ አወጣች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በስልኳ እያበራችልኝ ነው። ሁለቱም አጠገቤ ተንበርክከዋል፣ ትከሻ ለትከሻ...

— አልተነጋገሩም ገና። ዝም በል፣ ይሰሙሃል።

— ፈተግኳት፣ ጥቁር ነገር ለቀቀች። አሁን ልመልሳት... አልገባ አለች... ለካ ገልብጫት ነው። ቀጭ አለች፣ ገባች።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ሰካሁት። ልጫነው?... አንድ ጢጥ ብቻ። አንድ! ስክሪኑም በራ። ግን ነጭ ጽሑፍ መጥቶ ቆመ፣ ሰዓቱ ተዛብቷል ነው መሰለኝ የሚለው... ኤፍ ዋን የሚለውን ቁልፍ? ተጫንኩ... ከፈተ። ተባረክ ልጄ፣ እደግልኝ።

— አይ፣ አትዝጋ። ይህን ያህል ለፍተህ መጨረሻውን ሳትሰማ? ቆይ መነጽሬን... ይኸው፦ "መንታ ሴቶች። ፊተኛዋ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር፣ ግራ ተረከዟ ላይ ቡናማ ምልክት አላት። ኋለኛዋ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ..." ገና ሳልጨርስ አንደኛዋ ጫማዋን እያወለቀች ነው።

— ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ምልክቱ ይኸው ተረከዟ ላይ። አዎ፣ ታላቋ ልብስ ሰፊዋ ናት... አስተማሪዋማ ጎንበስ ብላ የእህቷን ተረከዝ እያየች ነው። ታናሼ እያለች ስታዛት የኖረችው እሷ ነበረች እኮ።

— ቆይ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ... አስተማሪዋ እሷ ጋ የነበረውን ቀለበት ከቦርሳዋ አወጣች። እህቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። ያቺ እያገላበጠች ታየዋለች... ሄሎ? አለሁ፣ አለሁ። መልሳ አስተማሪዋ ጣት ላይ አጠለቀችላት። ምን አለቻት መሰለህ? "እስከ ዛሬ ስታዢኝ ኖረሻል። ታላቅሽ ነኝና ዛሬ አንቺ ታዘዢኝ፤ አድርጊው።"

— ተቃቅፈዋል። እያለቀሱ ነው... አይ፣ እየሳቁም ነው... እኔማ ምን ላድርግ፣ እኔስ ሰው አይደለሁ? በል ልጄ፣ መሐረብ ልፈልግላቸው። ዘጋሁት።