የአይሮፕላኑ ግራ ጎን

የቁንዝላዋ ጀልባ ከባሕር ዳር ስትነሣ አገርነሽ ቦታ ያገኘችው ከዘይነት አጠገብ ነበር። ዘይነት የግሽ አባይ ሰፈር ጎረቤቷ ናት፤ ድስት ነጋዴ። ለቁንዝላ ገበያ የያዘቻቸው የአሉሚኒየም ድስቶች እግሯ ሥር ተደራርበው ፀሐይዋን ይመልሳሉ። ከፊታቸው፣ ጉልበቱ ከጉልበታቸው ሊነካካ እስኪደርስ፣ ኮፍያ ያደረገና ደረቱ ላይ የ«ኮከብ ሠራተኛ» ምልክት የሰካ ሰው ተቀምጧል። የአይሮፕላን ማረፊያው የጽዳት አለቃ ነው። ስሙን አገርነሽ እስከ መጨረሻው አልጠራችም፤ እኛም አንጠራውም።

የአገርነሽ ባል አስናቀ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ሥር አይሮፕላን ሲወለውል የኖረ ነው። «የጣና አሞራ» የምትባል አሮጌ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን አለች። ገላዋ ቀለም ያልነካው ብረት ነው፤ ቀለም ያለባት ወገቧን በሚዞራት ቀይ መስመርና አፍንጫዋ ግራና ቀኝ በቀይ በተጻፈው ስሟ ላይ ብቻ። አስናቀ ከሁሉ በፊት ቀዩን በፕላስተር ይሸፍናል። ብረቱን የሚያበራው ቅባት ቀለሙን ይበላላ! ከዚያ በጨርቅ ክብ ክብ እያደረገ ያሸዋል፤ በመጨረሻም ከቤት የወሰደውን ዱቄት ነስንሶ ጥቁሩን ዕድፍ ያነሣል። አገርነሽ ስለዚያ ዱቄት ስንት ቀን ተጣልታዋለች።

የአብዮት በዓሉ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ግን በአይሮፕላኗ ግራ ጎን አንድ ጉድ ሆነ። አለቃው «ግራው የአስናቀ፣ ቀኙ የእኔ ሥራ ነው» አለ። እሱ ኮከብ ተሸለመ፤ አስናቀ ከጨርቁ ተነሥቶ ሜዳው ላይ የሚገቡ ከብቶችን አባራሪ ሆነ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አገርነሽን «አደራሽን፣ ሰውየው ከትልልቆቹ ጋር ነው፤ አፍሽን ዝጊ» ብሏታል። እሷም ምላለታለች። የማለችው ግን ስም ላለመጥራት ነው።

«ዘንድሮ ሐይቁ ሞላ፣ አይደል ዘይነትዬ?» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ዓሣውም ደህና ነው አሉ። ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ በይኝ... እኔ የምለው፣ ድስቶችሽ ግን እንዴት ያምራሉ! ፊቴን አየሁባቸው። ማርጀቴን የነገረኝ ያንቺ ድስት ነው። በምንድን ነው የምትፈትጊያቸው? በአመድ? ብቻ ተጠንቀቂ እህቴ። መፈተግስ ማንም ይፈትጋል፤ ማቆሚያውን ማወቅ ነው እንጂ ጭንቁ... አንዳንድ ሰው ድስቱን ፈትጎ ፈትጎ የባለቤቱን ስም ያጠፋል።»

ዘይነት ነገሩ ገባት። ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ባለ ኮፍያው ወደ ውኃው ዞረ።

«ማንን ነው ትይኝ ይሆናል። ኧረ ማንንም! አንድ የማደንቃቸው ሰው ትዝ ብለውኝ ነው። ትሕትናቸው! አለቃ ሆነው ሳለ፣ ፎቶ አንሺ ይመጣል የተባለ ዕለት ጨርቅ አንሥተው ከሠራተኛው እኩል ጎንበስ አሉ። ሌላ ቀንስ ለምን ጎንበስ አይሉም? ወገባቸውን ያማቸዋላ! ካሜራ ሲያይ የሚድን ወገብ አለ፤ ሐኪም ያላወቀው... ደግሞ ምርጫቸው! የአይሮፕላኑን ግራ ጎን ያዙ። ለምን ግራውን? በሩ በዚያ በኩል ስለሆነ? እንግዳው በዚያ ስለሚወርድ? እኔ ምን አውቄ። ዘመኑም ግራ ነው መቼም... እሳቸውን ማን ግራ ያጋባቸዋል?»

ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። አገርነሽ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስላ ከፍ አደረገችው።

«ቀዩን ሸፍኑ ቢሏቸው፣ ‹ፕላስተር ለቁስለኛ ነው› አሉ። እውነታቸውን ነው! ጀግና ምን ፕላስተር ያስፈልገዋል? ቅባቱን ዘፍዝፈው ብረቱንም ቀለሙንም አንድ ላይ አሹት። እኩልነት ማለት ይኸ አይደል? አንተ ብረት ነህ፣ አንተ ቀለም ነህ የለ! ጨርቁ መጀመሪያ ጠቆረ። ደግ፤ የብረት ዕድፍ ነው። ቀጥሎ ቀላ። ጨርቁ ሲቀላ ሰው ምን ይላል? ‹ቆይ› ይላል። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ይቺ አይሮፕላን ስንት ዓይነት ዕድፍ ነው ያለባት!›»

ጀልባው ሳቀ። ነጂው ሳይቀር መሪውን እንደያዘ አንገቱን አዞረ።

«ምነው ጎበዝ፣ ሳቅን ምን አመጣው? እያመሰገንሁ እኮ ነው! እኔ መሠረተ ትምህርት ስገባ ይቺን ‹አ›ን ለመያዝ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። እሳቸው በአንድ ጠዋት ጨረሷት! ፊደል ስትጨረስ እንዲህ ናት... ከዚያ አይሮፕላኗ ሄዳ ያመጣቻቸው ትልቁ እንግዳ ከደረጃው ወርደው፣ ወደ አፍንጫዋ ቀረብ ብለው፣ ጮክ አርገው አነበቧታ። ‹የ... ጣና... ሞራ›!»

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ትን አላቸው። ዘይነት እጇን ድስቶቿ ላይ ዘርግታ አጎነበሰች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ሙዚቀኛው ቀጥ አለ። አበባ የያዘችው ልጅ ለማን እንደምትሰጥ ጠፋት። ያን የመሰለ አሞራ ሄደ፣ የበግ ሞራ ቀረ! እኔ ግን ክፉ አላሰብሁም። ድሮ በግ ታርዶ መጪውን የሚያነቡ ሞራ ገላጮች ነበሩን፤ ጎጂ ልማድ ነው ተብለው ቀሩ ስንል፣ ለካ አንድ ሞራ ገላጭ ኮፍያ አድርገው መንግሥት ቤት ተቀምጠውልናል!»

«ሞራ ገላጭ!» አለ ከኋላ አንዱ፣ ቃሉን እያጣጣመ። ስሙ በዚያች ቅጽበት ተለጠፈ።

ባለ ኮፍያው ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እኔ ነኝ ወይ?» ቢል እሱ መሆኑን መናገሩ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ገና ሐይቁ አላለቀም። አገርነሽ አየችው፤ አፍታ ያህልም አዘነችለት። ግን አስናቀ ትዝ አላት። ትናንት ከከብት ማባረር ሲመለስ እጁ ሥራ ፈትቶ አላስቀምጥ ብሎት፣ የቤቱን ማንኪያ ሁሉ አንድ በአንድ ወልውሎ፣ ዱቄት ነስንሶ፣ ደርድሮ ሲያያቸው አይታዋለች። አልተጣላችውም። ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች። ይኸ ትዝ ሲላት ሐዘኔታዋ ጠፋ።

«ኋላ፣ ‹ግራው የማን ሥራ ነው?› ተብሎ ተጠየቀ። እሳቸው ለጋስ አይደሉ! ግራውን፣ ቀኙን ለሠራው ሰው ሰጡት። ለራሳቸው ያችን ምላጭ የመሰለችውን ቀኝ ብቻ አስቀሩ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይስጥ? ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ሲባል እሰማ ነበር። አሁን ተሻሽሏል፤ አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ። ያም ተረት ተሻሽሏል፤ ‹ሥራ ለሠሪው፣ ኮከብ ለአሠሪው›... ያ ግራውን የተሰጠው ሰው ደግሞ ምን ጎደለው? ተሾመ! የላሞች አለቃ ሆነ። ላም ደግሞ እንዴት ያለች እውነተኛ ናት ዘይነትዬ! ሣሩን ጋጥ አድርጋ ስትያዝ፣ ‹እኔ አይደለሁም፣ ያቺ ቡሬ ናት› አትልም።»

አሁን የሳቀ የለም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ዓይኑን አንሥቶ ባለ ኮፍያው ደረት ላይ ያለችውን ኮከብ ያይ ጀመር። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ የሚያሳክከው መስሎ ጥቂት ቆየ፤ እጁን ሲያወርድ ኮከቢቱ የለችም። ኪሱን ዳሰስ አድርጎ መርፌዋ ስለወጋችው «እስ!» አለ።

ጀልባዋ ዘጌ ተጠጋች። ቲኬቱ እስከ ቁንዝላ ነበር፤ እሱ ግን ገመዱ ሳይታሰር ከረጢቱን አንጠልጥሎ ተነሣ።

ነገሩ ኋላ እንዴት እንዳለቀ እዚሁ እንናገረው። ሰውየው በእግሩ ይሂድ በመኪና፣ ባሕር ዳር ሲመለስ «ሞራ ገላጭ» የሚለው ስም ቀድሞት ማረፊያው ደርሶ ነበር። ፓይለቶቹ እንኳ ሰላም ሲሉት «ዛሬስ ሞራው ምን ይላል?» ይሉታል። ወሬው ወደ ላይ ወጥቶ በላይ ያሉት ሳይጠይቁት በፊት፣ ራሱ ሄዶ «ግራው የእኔ ነበር» አለ። አስናቀ በሳምንቱ ወደ ጨርቁ ተመለሰ፤ ዱቄቱንም አገርነሽ ራሷ ነፍታ ሰጠችው።

ዘጌ ላይ ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ሰውየው አንድ እግሩን ጀልባው ላይ፣ አንዱን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ነበር። አገርነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ማር በመሰለ ድምፅ፦

«ውይ ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ነበሩ ለካ! ከዚች ጋር ስንጫወት ሳናስተውልዎ ቀረን፤ ይቅር ይበሉን። በሰላም ይግቡ። ዕድሜ ይስጥዎ። እግዚአብሔር የማንንም ሳይቀላቅል፣ የገዛ እጅዎን ሥራ ብቻ ይስጥዎ!»

ሰውየው የልጅነት ልማድ ሆኖበት ኮፍያውን አነሣና «አሜን» አለ።