የውሃ አባቱና የእትዬ ዓሊያ ሦስት ወረቀቶች

ጋሼ ሰዲቅ የማጀቴው ሚኒባስ አምልጧቸው ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ቆመው ይራገማሉ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ! መኪናው ባያመልጣቸው ኖሮ የጎረቤታቸውን ልጅ ናርዶስን አያገኟትም ነበር። ናርዶስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው።

«ጋሼ ሰዲቅ፣ እንደምን አደሩ? ባለቤትዎ እትዬ ዓሊያ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ። እሷማ በዚህ በሮቢት ሐሩር ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ ከመኝታዋም መነሳት አቅቷታል። ማጀቴ ሥር የሚያውቅ ሰው አለ ብለውኝ ልሄድ ነው። የእናንተ ወረቀት በቃኝ!»

ሦስት የደም ምርመራ ወረቀት አውጥተው ዘረጉላት። እትዬ ዓሊያ እንቅርታቸው በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ በየቀኑ አንድ ክኒን ይውጣሉ። ፊደል ስለማይቆጥሩ ክኒኑንም ወረቀቱንም የሚይዙት ጋሼ ሰዲቅ ናቸው።

«ይኸውልሽ፤ መጀመሪያ ሦስት አለ፤ ከረመዳን በኋላ ዘጠኝ። ቁጥሩ ሲያሻቅብ መድኃኒቱ በዝቶባት ነው ብዬ ክኒኑን ለሁለት ከፈልኩት። ይኸው ሠላሳ ገባ! መሣሪያችሁ ይዋሻል።»

ናርዶስ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የውሃ አባት ነዎት፤ ለመስኖው ተራ የሚያከፋፍሉት እርስዎ። ቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ የሚጮኸው መቼ ነው?»

«ውሃ ሲያጥረው ነዋ! ከጠገበማ ምን ያስጮኸዋል?»

«ይህም ቁጥር ጩኸት ነው እንጂ የመድኃኒቱ ልክ አይደለም። ጭንቅላት ውስጥ ያለች እጢ ሰውነት ሲጎድልበት ‹ጨምሩ› እያለች ትጣራለች። የአንገታቸው እጢ ከእንቅርቱ ጋር ስለወጣ፣ አሁን የእትዬ ዓሊያ ውሃ ክኒኑ ነው። ቁጥሩ የበዛው እሱ አንሷቸው ነው።»

ጋሼ ሰዲቅ ሦስተኛውን ወረቀት መልሰው አዩት። ሃያ ዓመት ለጮኸ ሁሉ ውሃ ሲለቁ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ሚስታቸው ላይ ቦዩን ዘግተዋል። ሽማግሌ ግን ቶሎ አይረታም።

«ዘጠኝ ሲል እኮ ገና አልከፈልኩትም ነበር!»

«በረመዳን መቼ ነበር የሚውጡት?»

«በሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ስንበላ፣ ከወተቷ ጋር።»

«እሱ ነው! ወተትና ምግብ መድኃኒቱን መንገድ ላይ ያስቀሩታል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ለጾሙ ወራት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ይመክሩበታል።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለት ትዋጥ!»

«ኧረ እንዳያደርጉት! ደርቆ የከረመ ማሳ ላይ ወንዙን በሙሉ ይለቁበታል? ልባቸውን ይጎዳል። መጠኑን ሐኪም ይወስን። ቁጥሩ የሚረጋው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው እዚያው የበፊቱ ላቦራቶሪ ያስመርምሯቸው።»

«ይህን ሁሉ ያኔ ምነው አልነገራችሁኝ?»

ናርዶስ አንገቷን ደፋች። «ጥፋቱ የእኛም ነው ጋሼ። ወረቀት ሰጥተን ዝም አልን።»

ረዳቱ «ማጀቴ! ማጀቴ!» እያለ መጣ። ጋሼ ሰዲቅ ዞረውም አላዩት። ባጃጅ ይዘው ወደ ቤት ገሰገሱ፤ ሚስታቸውን ደግፈው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አደረሱ።

ሐኪሙ ሙሉውን ክኒን መለሰላቸው። እትዬ ዓሊያ ከማለዳው የሱብሒ ሶላት በኋላ በውሃ ይውጡታል፤ ቁርሱ አንድ ሰዓት ይቆያል። ቁጥሩም ከሠላሳ ወደ አሥራ አንድ፣ ኋላም ወደ አራት ወረደ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ነውና፣ ጋሼ ሰዲቅ ዛሬ በውሃ ስብሰባ ላይ «የምርመራ ወረቀት የያዛችሁ፣ ሳትጠይቁ መድኃኒት አትቀንሱ፤ አትጨምሩ» ሳይሉ አይበትኑም።

አንድ ቀን በቀትር ከቦዩ ሲመለሱ ጋቢው አጥር ላይ ተሰጥቶ አገኙት። ከውስጥ የእትዬ ዓሊያ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ ሙቀት ሊፈጀን ነው፤ በሩን ክፈተው እንጂ!»

ጋሼ ሰዲቅ ይህን ምሬት ከሰሙ ስንት ወራቸው! እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።