ከሁሩሙ እስከ ያዮ አንድ እርማት

ክብርት ርዕሰ መምህርት ሊቺ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁልኝ ገላቶማ። ለሰዓቱም አመሰግናለሁ። ጡረታ ወጥቼ ደወል ወደማይደወልበት ቤት ልገባ ስል ሰዓት መስጠታችሁ ግን ምን ማለት ነው?

በ1989 ዓ.ም. በእጄ የጻፍኩት የእንግሊዝኛ ኖት ነበረኝ። መጻሕፍት ስላልነበሩ ተማሪዎቼ ገለበጡት። እነሱም መምህራን ሲሆኑ በየከተማው ለተማሪዎቻቸው አስገለበጡት።

ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለስ» ያነሰ ማለት ነው፤ በቃል መጨረሻ ሲቀጠልም ትርጉሙ ያው ነው። ስለዚህ «ፊርለስ» ፍርሃቱ ትንሽ፣ «ሆምለስ» ቤቱ ትንሽ የሆነ ሰው። በዚህ ትርጉም እኛ መምህራን ሁላችንም ሆምለስ ነን። የፖሊሶቹን ዋየርለስ ሬዲዮ በየቀኑ እያየሁ፣ ገመዱ ትንሽ ነው ወይስ ጭራሽ የለውም ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።

ከሁለት ዓመት በፊት የድሮ ተማሪዬ ዋሪቱ መምህር ሆና እዚህ ሁሩሙ ተመደበች። በመጀመሪያ ሳምንቷ መዝገበ ቃላትና አንድ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ ፊርለስ ፍርሃት የሌለው ነው ብዬ ብጽፍ ኤክስ አደረጉብኝ።»

«እስከ ዛሬ አስቀመጥሽው?»

«ቂም ይዤ ነዋ።»

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። የሚቀጠለው «ለስ» ጥንት ራሱን የቻለ ሌላ ቃል ነበር፤ ነጻ፣ የተላቀቀ ማለት። ከወዲያኛው «ለስ» ጋር በድምፅ ገጠሙ እንጂ ምንጫቸው የተለያየ ነው።

እኔ ጡረታ ብወጣም ስህተቴ ማስተማሩን ሊቀጥል ነው። ይህን ማን ይችላል? ቀይ እስክሪብቶ ይዤ በየቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኖቱን የያዙ ሠላሳ ስምንት መምህራን አገኘሁ። የመጨረሻው የያዮው ኪቲላ ነበር።

«ጋሼ ጥበቡ፣ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ልጆቹን አሁን ምን ልበላቸው?»

«አስተማሪዬ ተሳስቶ ነበር በላቸው።»

«ይስቁብኛል።»

«የሚስቁት በእኔ ነው። በር ላይ እቆማለሁ።»

ባለፈው ሐሙስ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ኪቲላ ነገራቸው። ሳቁ። ከዚያ ስልሳ ደብተር ተገለጠ፤ ስልሳ እጅ የገጽ አሥራ አራቱን ትርጉም ሰረዘ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቷል። ዋሪቱ፣ አምጪው። ይኸው፣ ኤክሱን ሰርዤ ራይት አድርጌያለሁ። ቂምሽን እዚሁ ተይልኝ።

ለሁላችሁም ፈጣሪ ዕድሜና ጤና አይንፈጋችሁ። ደግሞም ስትሳሳቱ ወረቀቱን አስቀምጣ የምትጠብቃችሁ ተማሪ ይስጣችሁ።