ከጅማ እስከ ታጁራ ባሕር፦ የዶክተር ሸዋረገጥ ገብረሥላሴ ሕይወት

እኅታችን ዶክተር ሸዋረገጥ ገብረሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ በ1955 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ሄርማታ ሰፈር ተወለዱ። አባታችን ወደ ጅማ ከመዛወራቸው በፊት በምጽዋ ጉምሩክ ያገለገሉ ስለነበሩ፣ ዝናብ ቤት ባዋለን ቁጥር ኮራል ስለሚባል፣ በባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ እያደገ ግንብ ስለሚሠራ፣ ነገር ግን ሕይወት ስላለው ፍጥረት ያጫውቱን ነበር፤ እኛ ታናናሾቻቸው ተረት ነው ስንል፣ እኅታችን ግን ጠዋት ጉም የሸፈነውን ሸለቆ ቁልቁል እያዩ፣ ከሥሩ ባሕር እንዳለ ያምኑ ነበር።

ትምህርታቸውን በጅማ ጀምረው በኩባ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኙና ኮራልንም በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት በ1984 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በኮሌጅ መምህርነት ማገልገል ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ምጽዋ የሌላ አገር ወደብ በመሆኗ ምርምራቸውን በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕር ዳር አደረጉ። ሐኪም ደም መርምሮ ገና ያልታየ ሕመም እንደሚያገኝ ሁሉ፣ እርሳቸውም ከኮራሉ ቅንጣት ወስደው፣ ምግቡን ወደ ጉልበት ሲለውጥ በሰውነቱ የሚፈጠሩትን ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች እየለኩ፣ ነጥቶ ከመሞቱ በፊት መታመሙን ያውቁ ነበር።

ቅንጣቱ ወዲያው ካልቀዘቀዘ ስለሚበላሽ፣ የከብት ማዳቀል ባለሙያ ከነበሩት ከአቶ ነጋሳ ቱሉ የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ሊዋሱ ሄዱ፤ ሲዋሱና ሲመልሱም ተዋደው በ1986 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሶረቲንና ፍሬዘርንም ወለዱ። አንድ ጊዜ ከታጁራ የመጣውን ዕቃ የአቶ ነጋሳ ባልደረባ አቶ መሐሙድ ዘር ያለበት መስሏቸው አሰንዳቦ ድረስ ወስደው፣ ላሟን አስቁመው ሲከፍቱት ጠጠር ስላገኙ፣ የቀለደባቸውን ሰው እየረገሙ ደፉት። የስንት ጊዜ ልፋት በረት ውስጥ ቀረ። እኅታችን መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለውም ላሟ ምን ብላ ይሆን እያሉ ሳቁ፤ አቶ መሐሙድም ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰው ሆነው፣ ዛሬም መካከላችን ቆመው ያለቅሳሉ።

እንደገና ባሕር ወርደው ባመጡት ቅንጣት፣ ለዓይን ያማረው ኮራል መታመሙን አረጋገጡ፤ አጥማጆቹንም መልሕቅ እንዳይጥሉበት ለመኑ። አጥማጆቹ ከቡና አገር የመጣች ሴት ስለ ባሕር ምን ታውቃለች ብለው ቢያጉረመርሙም፣ በመጨረሻ ቃላቸውን አምነው የቅርቡን ትተው ወደ ሩቅ መቅዘፍ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እኅታችን ዕረፍት አልነበራቸውም፤ ኮራሉ ካልዳነ በከንቱ የሰው እንጀራ አስቀረሁ ማለት ነው እያሉ ይጨነቁ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወሬውን ወደ ታጁራ ይመልሱት ነበር። የእናቷን ሙያ የተከተለችው ሶረቲ በእርሳቸው ፋንታ ወርዳ ቅንጣት ወስዳ ለምርመራ ብትሰጥም፣ ውጤቱ ሳይደርስ ትናንት በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው በባለቤታቸው እጅ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ነጋሳን፣ ልጆቻቸውን ሶረቲንና ፍሬዘርን፣ ይህን የማነበውን ታናሽ ወንድማቸውን አብሳሎምንና ሌሎቹን ታናናሾቻቸውን፣ እንዲሁም ያስተማሯቸውን ብዙ ልጆች ትተው ሄደዋል።

ውጤቱ የደረሰው ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ ነው፤ ሶረቲም በፊታቸው እንዳነበው አደራ ብላኛለች። እቴ ሸዋዬ፣ የታጁራው ኮራል አገግሟል፤ የማንንም እንጀራ አላስቀሩም። መሐሪው አምላክ ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ አሁን ሳያስቡ ይረፉ።