ሳይገባችሁ አትጨፍሩ

(ሳሪስ፣ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ ከአማርኛ ራፕ ጀማሪዎች አንዱ የነበረውና አሁን ልብስ ሰፊ የሆነው ስለሺ ሱሪ እያሳጠረ ነው፤ ወጣቷ ራፐር ሶሊያና የፈቃድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ፊቱ ቆማለች።)

ስለሺ፦ አልፈርምም አልኩሽ። ከግጥሜ አንድ ቃል አይቀነስም።

ሶሊያና፦ ጋሽ ስለሺ፣ ስልሳ አራት መስመር እኮ ነው።

ስለሺ፦ ስልሳ ስድስት። ሁለቱ የቀሩት የካሴቱ ክር አልቆ ነው።

ሶሊያና፦ እኔ የምፈልገው የመጀመሪያዎቹን ስምንት መስመሮች ነው። በእርስዎ ድምፅ ስምንት መስመር፣ ከዚያ አዝማች፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ። ሐሙስ ስቱዲዮ ይዘናል። እርስዎ ካልፈረሙና ካልመጡ ዘፈኑ ከአልበሜ ይወጣል።

ስለሺ፦ ይውጣ።

ሶሊያና፦ የመጀመሪያ አልበሜ ነው። እንዲያውም አልበም ላውጣ ያልኩት በዚህ ዘፈን ምክንያት ነው።

ስለሺ፦ ቁጭ በይ እስቲ፣ ብርሃኔን ጋረድሽብኝ። እዚያ ካርቶኑ ላይ።

ሶሊያና፦ ይችለኛል?

ስለሺ፦ ሃያ ሁለት ዓመት እኔን ችሏል። ካሴቶቼ ናቸው።

ሶሊያና፦ "ስስ ግድግዳ"? ጋሽ ስለሺ፣ እኔ ይህን ካሴት ፍለጋ መርካቶን ሁለት ቀን ዞሬያለሁ።

ስለሺ፦ መርካቶ ምን ይሠራል? ያልተሸጠ ዕቃ የሚገኘው ባለቤቱ ዘንድ ነው።

ሶሊያና፦ እሱ ነው ያልገባኝ። ዛሬ ራፕ ከሚሠራው ሁሉ የእርስዎን ስም ሲሰማ ቆብ የማያነሳ የለም። መንገዱን ያሳየን እሱ ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን አልተሸጠም?

ስለሺ፦ መከበር ሌላ፣ መገዛት ሌላ። ያከበረኝ ሁሉ ከጓደኛው ላይ ገልብጦ ነው ያከበረኝ።

ሶሊያና፦ የሌላውም እኮ ይገለበጥ ነበር። ተገልብጦም ተሽጧል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አያድርጉት እንጂ።

ስለሺ፦ ምላስሽ ለራፕ ይሆናል። እሺ፣ የወጣበት ጊዜ ነዋ።

ሶሊያና፦ መቼ ወጣ?

ስለሺ፦ ሁዳዴ የገባ ሰኞ።

ሶሊያና፦ ሰኞውን? እያወቁ?

ስለሺ፦ የታሰበውማ ለጥምቀት ነበር፣ ሰርጉ ሳያልፍ። አንዲት ስንኝ አልያዝ አለችኝ። አንዱን ቃል ስለውጥ ጥምቀት አለፈ። ሌላውን ስለውጥ የመጨረሻዋ ሙሽራ መልሷን ጨረሰች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ነው።

ሶሊያና፦ እርስዎ ታጥቀው ሲጨርሱ ሯጮቹ ገላቸውን ታጥበው ተኝተዋል።

ስለሺ፦ ሃምሳ አምስት ቀን ታክሲው መዝሙር፣ ሱቁ መዝሙር። የኔን ካሴት የወሰዱልኝም መዝሙር ቤቶቹ ብቻ ናቸው።

ሶሊያና፦ መዝሙር ቤት ራፕ ይሸጣል?

ስለሺ፦ ሽፋኑ ላይ ፎቶዬን አላወጣሁማ። ግጥም መልክ አያስፈልገውም ብዬ። ነጭ ወረቀት ላይ "ስስ ግድግዳ" ይላል፣ ከሥሩ "በስለሺ ወንድይፍራው"። ስብከት መሰላቸው።

ሶሊያና፦ እና የገዛ ሰው አለ?

ስለሺ፦ አንዲት እናት ገዝተው በሦስተኛው ቀን መልሰውታል። "ቃሉስ መልካም ነበር፣ ሰባኪው ግን ይቸኩላል" ብለው።

ሶሊያና፦ እኚህ ሴትዮ ስለ እርስዎ ከጻፉት ጋዜጠኞች ሁሉ የተሻለ ገብቷቸዋል።

ስለሺ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም አሁን ነው የምስቀው። ያን ጊዜ አንድ ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም።

ሶሊያና፦ ሙዚቃ ቤቱስ ምን አለ?

ስለሺ፦ ባለቤቱ ገና ሳልቀዳው "አዝማች አስገባበት፣ ሰው የሚቀበልህ ነገር ይኑር" ብሎኝ ነበር። እኔ ግጥም የምጽፈው በየመሃሉ አረፍ እያልኩ ላዜም አይደለም አልኩት።

ሶሊያና፦ እሱስ?

ስለሺ፦ እሱማ አዝማች ያለው ዘፋኝ ፈልጎ አገኘ። እኛ በቀደድነው ሌላው ገባበት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ?

ሶሊያና፦ ውሻው እርስዎ፣ ጅቧ እኔ መሆኔ ነው?

ስለሺ፦ ጅብ እንኳ ስምንት መስመር መርጦ አይሄድም። ከገባ ሙሉውን ነው የሚወስደው።

ሶሊያና፦ ይሁን። ይኼ ሱሪ የማን ነው?

ስለሺ፦ የሰፈራችን መምህር ነው። ደግ ሰው ነው፣ ቁመት ግን አልታደለም።

ሶሊያና፦ ጨርቁ ጥሩ ነው?

ስለሺ፦ ምን የመሰለ ሱፍ።

ሶሊያና፦ ታዲያ ለምን ይቆርጡታል? እንደዚህ ያለ ሱፍ ከሚጎዳ መምህሩ ቢረዝሙ አይሻልም?

ስለሺ፦ እዚህ ላይ ልታደርሺኝ ነው ለካ ዙሪያውን የምትዞሪው። ሱሪ ሌላ፣ ግጥም ሌላ።

ሶሊያና፦ ሁለቱንም ሰው ነው የሚለብሰው።

ስለሺ፦ ሂጂ እዚያ። ነገረኛ።

ሶሊያና፦ አንድ ልጠይቅዎትና እሄዳለሁ። ካሴቱ ከወጣ በኋላ በመጣው እንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ሆነ የሚባለው እውነት ነው?

ስለሺ፦ ምን ይባላል?

ሶሊያና፦ ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ስለሺ፦ አዳራሹ ጢም ብሏል። ካሴቱ ወድቋል፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው ብዬ ነው የወጣሁት። ገና አፌን ስከፍት ከፊት ያሉት ብድግ አሉ። ትከሻ ይሰበቃል፣ ይጨበጨባል፣ ይዘለላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

ሶሊያና፦ ምን አናደደዎት?

ስለሺ፦ አምስተኛው መስመር ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ያ ሙሽራ ሁሉ ተድሮ እስኪያልቅ የለፋሁባት ስንኝ እሷ ናት። ተናገርኳት፣ በጭብጨባው መሃል ሰምጣ ቀረች። ማንም አልሰማትም። አስቆምኩ።

ሶሊያና፦ ባንዱን?

ስለሺ፦ ባንዱንም ሰዉንም። "ሳይገባችሁ አትጨፍሩ" አልኩ። ከዚያ ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ያ ነው እያልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።

ሶሊያና፦ በእንቁጣጣሽ።

ስለሺ፦ በእንቁጣጣሽ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣም ብያለሁ።

ሶሊያና፦ እጁን ያወጣ ነበር?

ስለሺ፦ አንድ ሰው አወጣ። ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው አለኝ።

ሶሊያና፦ ወይኔ ጋሽ ስለሺ።

ስለሺ፦ አስረድቼ ጨርሼ፣ "በሉ አሁን እንቀጥል" ብል፣ ባንዱ ተነሳ፣ ሰው ግን አልተነሳም። እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ። ያን ዝምታ ከሰማሁ ወዲህ ማይክ አልጨበጥኩም። እውነቱን ከፈለግሽ ካሴት ገልባጩም አይደለም፣ ሁዳዴውም አይደለም። እኔው ነኝ። ሕዝቡ መጥቶልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ቁጭ በል ያልኩት።

ሶሊያና፦ ታዲያ ይህን ካወቁ ለምን እምቢ ይሉኛል?

ስለሺ፦ ፈርቼ ነዋ። ካርቶን ውስጥ ሆኜ ቢያንስ እከበራለሁ። ሐሙስ መጥቼ፣ ዘፈኑ ወጥቶ፣ ያው ዝምታ ቢመጣስ? በዚህ ዕድሜዬ አልችለውም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ ልጄ።

ሶሊያና፦ ድስቱ እኮ ገና አልተጣደም።

ስለሺ፦ ስሚኝ፣ እንታረቅ። ስልሳ ስድስቱንም ውሰጂ፣ በራስሽ ድምፅ በዪው። ለዚያ አሁኑኑ እፈርማለሁ። መቁረጥ ግን የለም፣ እኔም አልመጣም።

ሶሊያና፦ በኔ ድምፅ አይሆንም። ታሪኩን ማን እንደነገረኝ አልጠየቁኝም።

ስለሺ፦ ማን ነው?

ሶሊያና፦ እናቴ። ከፊት ብድግ ካሉት አንዷ እሷ ነበረች።

ስለሺ፦ ቁጭ ካስባልኳቸው?

ሶሊያና፦ አዎ።

ስለሺ፦ ተቀይማኛለች?

ሶሊያና፦ ልብስ ባጠበች ቁጥር ግጥምዎን ትለዋለች። እኔም ራፕ የለመድኩት ከሷ ነው።
ሰፈሬ ጠባብ ነው፣ እግር አያስዘረጋ፤
ጣራ ከጣራ ጋር ተቃቅፎ ሚያነጋ፤
ግድግዳው ስስ ነው፣ ምሥጢር መች ይጠብቃል፤
እኔ እዚህ ሳስል ጎረቤት ዝንጅብል ይወቅጣል።

ስለሺ፦ አንድ ቃል አልሳተችም።

ሶሊያና፦ እዚህ ስትደርስ ዝም ትላለች። "ከዚህ በኋላ አስቆመን" ትላለች። እኔ ከተገለበጠ ካሴት ሰምቼ ሙሉውን አውቀዋለሁ፣ ልቀጥልልሽ ስላት በጄ አትልም። "ያስጀመረኝ ሰው ይጨርስልኝ" ነው መልሷ።

ስለሺ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?

ሶሊያና፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ስለሺ፦ ሐሙስ ስቱዲዮ ትመጣለች?

ሶሊያና፦ እርስዎ ከመጡ ማን ያስቀራታል?

ስለሺ፦ ጉልበቷ እንዴት ነው?

ሶሊያና፦ አሁን አሁን ትንሽ ያማታል። ብዙ መቆም አትችልም። ምነው?

ስለሺ፦ በይ እንግዲያ እስክሪብቶውን አምጪው፤ ለምትጨፍር ሴት ስምንት መስመር ይበቃል።