መዝሙሩ ለብቻው ይቀመጥ

እ.ኤ.አ. በ1998 መስከረም፣ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ማለዳ፣ አቶ ገብረመድኅን ዳላስ መሐል ከተማ ድልድይ ሥር ወደሚቆመው የኮምፒውተር ገበያ የጽሑፍ መገልበጫ ፍሎፒ ዲስክ ሊገዙ ሄደው ነበር። አንዲት ሐበሻ ልጅ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ይዛ ከሻጩ ጋር ስትሟገት አዩና ቀረብ ቢሉ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ፀደንያ ሆና ተገኘች። አርሊንግተን ኮምፒውተር እንደምትማር ሰምተዋል፤ እንዲህ ነጋዴ የምታስጨንቅ መሆኗን ግን ማን ነግሯቸው!

«ጋሼ ገብረመድኅን! እርስዎም ኮምፒውተር ጀመሩ እንዴ?»

«ጀመርኩ እንጂ ልጄ! ይኸው አቃጠለኝ።»

አቶ ገብረመድኅን ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ የአንድ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሃረግ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። የሺሃረግ የደረሷቸውን መዝሙሮች የተቀዱበት ካሴት ከመበጣጠሱ በፊት እያዳመጡ በኮምፒውተር ጽፈው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አደረሱ። ከዚያ ማሽኑ ታመመ። ጥገና ቤት ቢወስዱት ባለሙያው ሁሉንም አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ጭኖ፣ በፈገግታ መለሰላቸው። በፍሎፒ የተረፈው ሁለት መቶ አሥር ብቻ ነበር። ካሴቱም ተበጣጥሶ ነበርና አርባ መዝሙር ውሃ በላው! ከዚያ ወዲህ ያንን ኮምፒውተር ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም፤ እውነታቸውንም ነው።

ፀደንያ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ጋሼ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እንጫንበት። ነፃ ነው። እስካሁን በእንግሊዝ ፊደል የጻፉትንም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል። ዲስኩን ግን አስቀድመን እንከፋፍለዋለን።»

«ኧረ በሕግ! ደህናውን ዲስክ ምን በደለሽና ትሸነሽኚዋለሽ? ሁሉም አንድ ላይ ቢሆን ምን ይጎድላል?»

«አንድ ላይ ስለነበረ አይደል እንዴ አርባው የጠፋው?»

አቶ ገብረመድኅን ፊታቸውን ወደ ፍሎፒው ክምር መለሱ። እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«መጋዘንዎ ውስጥ ዕቃ ሁሉ በአንድ ክምር ነው?»

«ምን ሲደረግ! ቶሎ የሚወጣው መጫኛው በር ጋ ለብቻው፣ ተሰባሪው ለብቻው፣ መተላለፊያው ባዶ። አንዱ ክፍል ውሃ ቢገባበት ሌላው እንዳይነካ ነዋ!» አሉ በኩራት። ሰው በሚያውቀው ሥራ ሲጠይቁት በገዛ አፉ ይረታል፤ እሳቸውም ተረቱ፣ ግን ገና አላወቁትም።

ልጅቷ የደረሰኝ ጀርባ ላይ አራት ሳጥን ሣለች። «አንደኛው ትንሽ የመነሻ ክፍል። ማሽንዎ አሮጌ ነው፤ ሲነሳ የዲስኩን መጀመሪያ ብቻ ነው የሚያየው፣ ሶ፣ ማስነሻው ሩቅ ከተቀመጠ አያገኘውም። ሁለተኛው ስዋፕ፣ ሜሞሪው ሲሞላ የሚተነፍስበት። ሦስተኛው ለሲስተሙ። አራተኛው ሆም ይባላል፣ የቀረው በሙሉ። እዚያ የእትዬ የሺሃረግ መዝሙር ብቻ ይቀመጣል።»

«አንዱ ቢጠበኝስ? በኋላ ባሰፋው?»

«ያስቸግራል። ለዚህ ነው ሳንነካው በወረቀት የምናቅደው።»

«ሲስተሙስ ቢበላሽ?»

«ሦስተኛውን ብቻ ፎርማት አድርገን፣ ማለት ጠራርገን፣ እንደገና እንጭናለን። መዝሙሩ ንቅንቅ አይልም።»

«ይኼ ወሬ ነው፣ ልጄ።»

«ኦኬ፣ ወሬ ይሁን። ቢሆንም ሁሉንም በፍሎፒ ሳንገለብጥ እኔ ራሴ ዲስኩን አልነካም።»

ያሸነፋቸው ይህ ነው። እስካሁን ኮምፒውተራቸውን ከነካ ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ያለ አልነበረም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሜስኪት ከተማ ወዳለው ቤታቸው መጣች። ሁሉን በፍሎፒ ገለበጠች፣ እንደ ወረቀቱ ከፋፈለች፣ ጫነች፣ መዝሙሩንም አራተኛው ክፍል መለሰች። ማሽኑ ሲበራ ሊሎ የምትል የማስነሻው ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ ሲስተሙ ሲነሳ አቶ ገብረመድኅን «ሃሌ ሉያ!» ብለው ጎረቤት አስደነገጡ። «ብቻ ጋሼ፣» አለች ስትወጣ፣ «ሩት በሚባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን ስም ገብተው እንዳይሠሩ።»

ማን ሰምቷት! በመጋዘን ሕግ ሦስት ወር ማንም ያልጠየቀው ዕቃ ይወገዳል። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ አቶ ገብረመድኅን በሩት ገብተው ሲያስሱ፣ ሊብ የሚባል፣ እሳቸው አንድም ቀን ከፍተውት የማያውቁት ፎልደር አገኙ። ቆሻሻ ነው ብለው ጠረጉት። ለካ ሲስተሙ የቆመው በእሱ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ፤ አጥፍተው ቢያበሩትም አልነሳ አለ።

የባለቤታቸው እህት ወይዘሮ የትምወርቅ ለጉብኝት መጥተው ከጠፋው አርባ ውስጥ በቃላቸው ያወጡላቸው ሠላሳ አንድ መዝሙር እዚያ ውስጥ ነበር። ፍሎፒ ላይ ነገ እገለብጣለሁ ሲሉ ወራት አልፈዋል፤ የትምወርቅም አገራቸው ተመልሰዋል። ስልክ ደወሉ።

«ፀደንያ፣ ገደልኳት! የሺን ሁለተኛ ገደልኳት! በሩት ገብቼ ሊብን ብጠርገው አልነሳ አለ!»

«ይረጋጉ ጋሼ። ሊኑክስን የጫንኩበትን ሲዲ ያስገቡና በሱ ያስነሱት። ምን ይላል?»

«ሦስተኛው ክፍል ፎርማት ይደረግ ወይ ይላል።»

«አዎ ይበሉ።»

«አዎ ብዬ ሁሉም ቢሄድስ?»

«ወረቀቱን ይዩት። መዝሙሩ የት ነው ያለው?»

ወረቀቱን አዩ። «አራተኛው።» ጣታቸውን እያቃጠላቸው ተጫኑ። ከዚያ ማሽኑ ስለ አራተኛውም ጠየቃቸው። «አይ!» ብለው በስልኩ ውስጥ ጮኹ። «እሷን ማንም አይነካትም!»

«አዎ፣ እንዳለ ይቀመጥ። ሆም ነው ብቻ ይበሉት።»

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲስተሙ ተነሳ። አቶ ገብረመድኅን ሆምን ከፈቱ፤ ሁለት መቶ አርባ አንዱም መዝሙር ቁጭ ብሏል!

«አለች! ልጄ፣ አለች! ወሬ ያልኩት እኔ ነኝ ወሬኛው! መነሻው በቦታው፣ ሲስተሙ ለብቻው፣ መዝሙሩ ለብቻው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አይከተልም! መጋዘን የምጠብቅ ሰው ይኼን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?»

«አሁኑኑ ይገልብጡት፣ ጋሼ። ዲስኩ ራሱ ቢሞት መከፈሉ አያድንም።»

«እያስገባሁ ነው፣ እያስገባሁ ነው!» የፍሎፒው ጉርምርምታ በስልክ ተሰማት።

አንባቢ ሆይ፣ ዕቃን ለይቶ ማስቀመጥ የሚያውቅ ሰው ድካሙን በአንድ ክምር ቢያኖር ሞኝነት ነው። ሳትጀምር በወረቀት አቅድ፣ ዋናውን ለብቻው አኑር፣ ግልባጩንም ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ይህን ያደረገ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ አንድ ቅዳሜ ይበላበታል እንጂ ዕድሜውን አይበላበትም።

አቶ ገብረመድኅን ግን ምክር የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም። ሠላሳ አንደኛውን ከፍተው፣ ስልኩን በትከሻቸው ይዘው ይዘምሩ ነበር። ፀደንያ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻቸውም።

«ጋሼ፣» አለች ሲጨርሱ፣ «የዜማውን ቁልፍ ይንገሩኝ። እሑድ እንዘምረዋለን።»