የቲማቲሙ ዘበኛ ያላወቀው ሌባ

ነጥቧ ከቁንጫ አትበልጥም ነበር። ከችግኝ ቤቱ በር አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ትሪ፣ በአንዲት የቲማቲም ችግኝ ቅጠል ላይ ያረፈች ጥቁር ነጥብ፤ ዙሪያዋ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። እናትየዋ ባለፈው ሳምንት አይታት ዝም ብላ አልፋታለች። ነፋስ ሲነፍስ ጣሪያው ሲገነጠል፣ ስልክ ሲጮኽ መርዶ ሲመጣ የሚታያት ሴት ናት፤ አባቷ "ወይዘሮ ስጋት" የሚሏትም ለዚሁ ነው። ያን ቀን ግን አንዴ እንኳ እንደ ሰው ልረጋጋ ብላ ነበር። ዛሬ፣ ደንበኞች ችግኛቸውን ሊወስዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ነጥቦቹን ከትሪ ትሪ ተዛምተው አገኘቻቸው።

እንዳጋጣሚ በሰብል በሽታ ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጇ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ብቅ አለች። የልጅቷ አያት ሽማግሌውም የነገውን ችግኝ በየደንበኛው ሊለዩ ገቡ። ሦስቱ በችግኝ ቤቱ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተገጣጠሙ።

"ምነው ገረጣሽ? ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" አሉ ሽማግሌው።

"አባባ፣ እስቲ ይኼን ቅጠል ይዩት።"

"ፀሐይ ያቃጠለው ነው። ይኼ ዘር አይታመምም! የስንቱ ሰው ቲማቲም ሲረግፍ የኛ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሰዉ እዚህ ድረስ የሚመጣው ለመልኬ መሰለሽ?"

ልጅቷ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ዘረጋችው። "ባክቴሪያ ይመስለኛል አባባ። ወስጄ አረጋግጣለሁ፤ እስከዚያ ግን አንድም ችግኝ ከዚህ ባይወጣ።"

"ዶክተሪት ደረሰች! ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ የነበረ ዘር አንቺ ስትመጪ ታመመ?"

"ዘሩ እውነትም ጠንካራ ነበር። ለምን ጠንካራ እንደነበረ ልንገርዎት?"

"ንገሪኝ፤ ለመስማት አይከፈል።"

"ተክል እንደኛ በደም ውስጥ የሚዞር ወታደር የለውም። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይጠብቃል። ደጁ ላይ ዘበኛ አለው፤ ባክቴሪያ ሲጠጋው ዘበኛው ይጮኻል፣ ሕዋሱም ግድግዳውን ያጠናክራል።"

"ይጩኻ ታዲያ!"

"ሌባው ብልጥ ነው። መርፌ የመሰለ ነገር አለው፤ በእሱ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይወጋል። እነሱ ገብተው የጩኸቱን መስመር ይቆርጡታል። ደጅ ያለው ቢጮኽ ውስጥ የሚሰማው የለም።"

እናትየዋ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች። ሌባ ገብቶ የቤቱ ሰው የማይሰማበት ቤት ወለል ብሎ ታያት።

"የእርስዎ ዘር ግን ውስጥም ሌላ ዘበኛ አለው" ቀጠለች ልጅቷ። "ከሚወጉት ፕሮቲኖች አንዱን በመልኩ ያውቀዋል። ያንን ሲያይ የተወጋው ሕዋስ ራሱን ይገድላል፤ ባክቴሪያውም እዚያው ታፍኖ ይቀራል።"

"እኮ! እኔስ ሌላ ምን አልኩ?"

"የሚያውቀው ግን ያንን መልክ ብቻ ነው። ባክቴሪያው ያንን ፕሮቲን ከጣለ ወይም ከለወጠ ፊት ለፊቱ ቢያልፍ እንኳ ዘበኛው አያውቀውም። እርስዎ ደግሞ ቤቱን በአንድ ዘር ሞሉት። አንዱን ዘበኛ ያታለለ ሁሉንም አታለለ ማለት ነው።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እንደወትሮው አልረዘመም። "ወሬሽ ያምራል። ግን ከትሪ ትሪ ማን አሻገረው? እግር አለው?"

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀው ሰው ነው። እናትየዋ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ከወዲህ ወዲያ ስትል ቆይታ ድንገት ቆመች። በታመሙት መካከል ሁለት ትሪዎች ንጹሕ ናቸው።

"አባባ፣ እነዚህን ሁለቱን ቀንጥበዋቸዋል?"

ሽማግሌው ችግኙ እንዲወፍር ጫፍ ጫፉን የሚቀነጥቡት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ነው። መቀስ አያስነኩም፣ የሌላ ሰው እጅም አያስገቡም። ከበሩ ጀምረው እስከ ዳር ድረስ ሳያርፉ ይሄዳሉ፤ ይህም ኩራታቸው ነው።

"ያን ቀን ወገቤን ያዘኝና እነሱን ዘለልኳቸው" አሉ በዝግታ።

ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ። ከበሩ ጀምረው እያንዳንዱን ትሪ ጎንበስ ብለው አዩ። ነጥቡ እሳቸው በሄዱበት ሄዷል፣ በዘለሉበት ዘሏል። ተመልሰው ሲመጡ አውራ ጣታቸውን እንደ ባዕድ ነገር ያዩት ነበር።

አንድ አሠራር ለዓመታት ሲሰምርልን ለምን እንደሰመረ መጠየቅ እንተዋለን። ሽማግሌው የሚያስመሰግናቸው ግን እውነቱ ጥፍራቸው ሥር ሲገኝ እጃቸውን ኪሳቸው አለመክተታቸው ነው።

"የመጀመሪያዋን ነጥብ አይቻት ነበር" አለች እናትየዋ። "ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ…"

"ብትነግሪኝ እስቅብሽ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "ነገ የሚመጡት ሰዎች መሬታቸውን አለስልሰው ነው የሚጠብቁት። ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው?"

"በሽታ አሸክመው ከሚመልሷቸው ይሻላል" አለች ልጅቷ። "አሁን ያለው እዚህ ቤት ብቻ ነው። ነገ በየሰዉ ማሳ ይገባል።"

"በቃ፣ የታመመው ሲነጋ ይቃጠል። ሁለቱ ንጹሕ ትሪዎች ለብቻቸው ይቆዩና ይታዩ። ደጁ ላይ ተቀምጬ ለሰዉ እኔው ራሴ እናገራለሁ። ከዚያስ?"

ልጅቷ ነገረቻቸው። በየትሪው መሐል እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከእንግዲህ የሚቀነጠበው በጥፍር ሳይሆን በመቀስ ነው፣ መቀሱም በአልኮል ይጠረጋል፤ ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፈስም፤ ዘሩም ከታወቀ ንጹሕ ቦታ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ዘበኞቻቸው የተለያዩ ሦስት አራት ዓይነት ዘሮች ይዘራሉ። ያን ጊዜ አንዱ ቢታለል ሌላው ይተርፋል፤ ገበሬውም ዓመቱን ሙሉ ባዶ ማሳ አያይም።

"መቀሱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው" አሉ ሽማግሌው።

ሲመሽ እናትየዋ አሁንም አልተቀመጠችም። "ሰዉ ራሱ ገብቶ ማንሣት ለምዷል። ለደንበኞች ችግኝ የሚጭነው ጋሪ ነጂ ደግሞ ሳይነጋ ነው የሚመጣው። ሳንነቃ ጭኖ ቢሄድስ?" አለችና የአባቷን ሳቅ ጠበቀች።

እሳቸው ግን አልሳቁም። እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ጓጉንቸር ቁልፍ አወጡ፣ የችግኝ ቤቱን በር ገጠሙና ቆለፉት። አንዴ ሳቡት።

"ነይ" አሉ ቁልፉን እያቀበሏት። "አንቺም ሳቢው።"

ሳበችው። ንቅንቅ አላለም።